85 ወይስ 87? ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው የቤንዚን አመራረጥ

በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለሀገር ልጆች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ

ጤና ይስጥልኝ። የሥራ ቀን ሆኖ፣ ገሚሶቻችሁም ፈረቃ አቋርጣችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ማደያ ስንቆም ፓምፑ ላይ ሦስት ቢጫ ምልክቶች እናያለን። 85፣ 87፣ 91። ርካሹ 85 ነው። ከላዩ ሬጉላር ይላል። ከዲሲ፣ ከአትላንታ ወይም ከዳላስ የመጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ሬጉላር ሲቀዳ ኖሯል። እዚያ ግን ሬጉላሩ 87 ነው። እዚህ ሲመጣ ስሙን አይቶ ይጫናል፣ ቁጥሩን ልብ አይለውም። መኪናውም አያጉረመርም። ወር ያልፋል፣ ዓመት ያልፋል።

«ታዲያ መኪናው ምንም ካልሆነ ችግሩ ምንድነው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ ለሚሠራ ሰው በጋሎን የምትተርፈው ሳንቲም ቀላል አይደለችም። በቀን አሥር ጋሎን የሚያቃጥል ሰው፣ የዋጋው ልዩነት 40 ሳንቲም ቢሆን፣ በወር መቶ ዶላር ገደማ ይይዝለታል። ያ ገንዘብ አገር ቤት ላለች እናት የሚላክ ነው። ስለዚህ «87 ቅዳ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል።

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጠው። የመኪናችሁ መጽሐፍ 87 ካለ 87 ቅዱ። ከፍታ ላይ ስለምትኖሩ ከቁጥሩ ላይ አትቀንሱ። መጽሐፉ 87 ብሎ ሳለ 91 መቅዳት ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ለምን እንደሆነ ነው። ለምኑን ካወቃችሁ የማደያም ሆነ የጋራዥ ወሬ አያወዛውዛችሁም።

እነዚህ ቁጥሮች ኦክቴን ይባላሉ፤ ከሱ እንነሳ። ብዙ ሰው ኦክቴን የነዳጁ ጉልበት ይመስለዋል። 91 ሲቀዳ መኪናው የሚበር፣ 85 ሲቀዳ የሚደክም አድርጎ ያስባል። ቁጥሩ ስለ ጉልበት አይናገርም። ነዳጁ በራሱ ሳይፈነዳ ምን ያህል መጨመቅና መጋል ይችላል? የሚናገረው ይህንን ነው።

ሲሊንደር ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ አየሩንና ቤንዚኑን ይጨምቃል። ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ካንዴላው ይለኩሳል። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ወደ ዳር ዳር ይሰፋል። በዚያች ቅጽበት ዳር ላይ ያለው፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ፣ ከወዲህ እየተስፋፋ በመጣው ግፊት ይጨመቃል፣ ይግላል። ነዳጁ ጠንካራ ከሆነ እሳቱ እስኪደርስበት ይቆያል። ደካማ ከሆነ ተራው ሳይደርስ ባንዴ ይፈነዳል። ሽብሸባ ላይ አንድ ሰው ቀድሞ ሲያጨበጭብ ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። ሞተሩ ውስጥ ግን የሚረበሸው ዜማ ብቻ አይደለም። ያ ፍንዳታ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን አናት በኃይል ይመታል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ስስ የብረት ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። መካኒኮቻችን «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚሉት ይህንን ነው። ከበረታና ከቆየ ፒስተን ይበሳል፣ ፋሻ ይሰበራል፣ የቴስታታው ጋስኬት ይቃጠላል።

ቁጥሩ የተገኘው በማነጻጸር ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አይሶኦክቴን የሚባለው ፈሳሽ በጣም ስለሚቋቋም 100 ተሰጠው። ኖርማል ሄፕቴን የሚባለው ቶሎ ስለሚፈነዳ 0 ተሰጠው። 87 የተባለ ቤንዚን 87 እጅ አይሶኦክቴንና 13 እጅ ሄፕቴን ካለበት ድብልቅ እኩል ይቋቋማል ማለት ነው። መለኪያው ጭምቀቱ ከፍና ዝቅ የሚል ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። ፈተናው በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንዱ ሪሰርች ይባላል፣ በደቂቃ 600 ዙር ነው። ሁለተኛው ሞተር ይባላል፣ በ900 ዙርና በሞቀ ድብልቅ ስለሚካሄድ ይከብዳል። የሁለተኛው ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅ ይላል ማለት ይቻላል። አሜሪካ የሁለቱን አማካይ ትለጥፋለች። ከቢጫው ምልክት ሥር «አር ሲደመር ኤም፣ ሲካፈል ለሁለት» የሚለው ትንሽ ጽሑፍ ይኸው ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አውሮፓ፣ ጃፓንና አፍሪካ የሪሰርቹን ቁጥር ብቻ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ የአንድ ጀርመን ሠራሽ መኪና መክደኛ 95 ቢል አትደንግጡ። እዚህ 91 ወይም ለ91 የቀረበ ነው። የዚያው የሪሰርች 91 ደግሞ የኛ 87 ያህል ነው። መጽሐፉን ስታነቡ በየትኛው ዘዴ እንደሚናገር ተመልከቱ።

አሁን ወደ ከፍታው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 83 በመቶ ያህሉ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሦስት አራተኛው ገደማ ይቀራታል። በአይ-70 ወደ ተራራው ስትወጡ የምታልፉት የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ያንሳል። ተጨምቆም የሚደርስበት ግፊትና ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ማንኳኳቱ ይቀንሳል። ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ቱርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባ ዕቃ፣ በኋላ እመጣበታለሁ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ዋሻው ጋ ስትደርሱ መኪናው የሚያቃስተው አርጅቶ አይደለም።

እንግዲህ «ከፍታ ላይ ዝቅ ያለ ኦክቴን ይበቃል» የሚለው ነገር ውሸት አይደለም። መሠረት አለው። 85 እዚህ መሸጥ የጀመረውም ሕዝብ ለማታለል አልነበረም። በካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) ዘመን ልክ ነበር።

ካርቡሬተር ያለበት መኪና የት እንዳለ አያውቅም። የቤንዚኑ ቀዳዳ ያው ነው፣ የካንዴላው ታይሚንግም (የሚለኩስበት ቅጽበት) አንዴ በእጅ የተስተካከለው ነው። በባሕር ወለል ልክ የተቃኘ ሞተር ተራራ ላይ ሲወጣ አየር ያንሰዋል እንጂ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል። አገር ቤት በድሮ ላዳና በዲኤክስ የተንቀሳቀሰ ሰው ያስታውሰዋል። ካርቡሬተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ግን አያንኳኳም። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ቁጥር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከኦክቴኑ ላይ መቀነስ ይቻል ነበር። ዴንቨር ላይ አምስት ቁጥር ያህል ትርፍ ማለት ነው። ከ87 ወደ 85 መውረድ ያኔ ማንንም አልጎዳም። ማጣሪያ ፋብሪካውም ዝቅ ያለውን በርካሽ ያወጣዋል። ሁሉም ተጠቀመ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ገባ። ነገሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ረጋ ብዬ ላስረዳው፣ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ስለሆነ።

የዛሬ መኪና የት እንዳለ ያውቃል። የአየሩን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው፣ የሚገባውን አየር የሚለካ ሌላ አለው፣ የሙቀቱን የሚለካ ሌላ አለው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማንኳኳት ሴንሰሩ ነው። ከሞተሩ ብሎክ ጋር በቡሎን የታሰረ፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። ውስጡ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሴራሚክ አለ። ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው። የእኛ ጆሮ ከመስማቱ በፊት እሱ ይሰማል፣ ለኮምፒውተሩም ይነግራል።

ኮምፒውተሩ አየሩ ሲሳሳ ምን ያደርጋል? «ማንኳኳት ቀንሷል፣ እንግዲያውስ ቦታ አለኝ» ብሎ የካንዴላውን እሳት ቀደም ያደርገዋል። እሳቱ ቀደም ሲል ከዚያች ከተሳሳች አየር የሚገኘው ጉልበት ይጨምራል። ይህ ለእኛ ጥሩ ነው። ግን ያ በካርቡሬተር ዘመን ለርካሽ ቤንዚን የምንጠቀምበት ትርፍ አሁን በኮምፒውተሩ ተይዟል። ጉልበት ለመመለስና ነዳጅ ለመቆጠብ አውሎታል። ስለዚህ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ላይ በየ300 ሜትሩ የሚቀነሰው ከቁጥር አንድ አምስተኛ እስከ ግማሽ ቢሆን ነው። ዴንቨር ላይ ስናባዛው ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ይሆናል። እንግዲህ አንዱ መኪና በ85 ያለ ችግር ይሄዳል፣ ሌላው አይበቃውም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ፓምፑ ጋ ቆሞ ማወቅ አይቻልም።

በዚህ ላይ ሞተሮቹ ራሳቸው ተለውጠዋል። የድሮው ኮሮላ ድብልቁን ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነበር የሚጨምቀው። ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት አዲሱ ካምሪ ሃይብሪድ 14 ለ 1 ነው። እርግጥ ሃይብሪዱ ቫልቩን ዘግይቶ ስለሚዘጋ እውነተኛው ጭምቀት ከዚያ ያንሳል፤ ለዚህም ነው በ87 የሚሠራው። ግን 87 ተብሎ የተሠራው በጥንቃቄ ተሰልቶ ነው። ብዙ ሜዳ አልተረፈም።

ሌላም ነገር አለ፣ ሰው አያነሳውም እንጂ። እርጥብ አየር ማንኳኳትን ይቀንሳል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ይሞቃል። ሁለቱም ወደ ማንኳኳት ይገፋሉ። ከፍታው በአንድ እጁ የሰጠውን አየሩ በሌላ እጁ ጥቂት ይወስዳል።

የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ ክፍልም የሚለው ተመሳሳይ ነው። 85 የተፈቀደው ካርቡሬተር ያላቸው ሞተሮች ስለሚችሉት ነበር፤ ለዘመናዊ ሞተር አይሆንም፤ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና ካልሆነ በቀር 85 በሚሸጥበት አካባቢም ፋብሪካው ያዘዘውን ቅዱ። ፎርድም በመጽሐፎቹ ላይ ከፍታ ቦታዎችን ጠቅሶ ከ87 በታች ያለውን እንደማይመክር ጽፏል።

ስለ ቱርቦ ለብቻው ልናገር። እዚሁ ኮሎራዶ የተፈጸመ ታሪክ አለው፣ እኔም ስናገረው ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ አንድ ችግር ይዞ ነበር። የአውሮፕላን ሞተር ሰማይ ላይ ሲወጣ ይደክማል። መፍትሔ ብሎ የሠራውን ዕቃ ለመሞከር ከፍታ ያስፈልገዋል። አውሮፕላን ላይ ከመስቀል ይልቅ ሞተሩን በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ አወጣው። ከዚህ በስተደቡብ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለው፣ 4,300 ሜትር የሆነው ተራራ ነው። ሞተሩ ሊበርቲ የሚባል ባለ 12 ሲሊንደር ነበር። ታች ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አናቱ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ሞስ የጭስ ማውጫውን ጋዝ ተጠቅሞ አየር የሚገፋውን ዕቃውን ሲያገናኝ 356 ሆነ። እዚያ ተራራ አናት ላይ፣ ሜዳ ላይ ካለው በላይ!

ያ ዕቃ ዛሬ ቱርቦ የምንለው ነው። ነገሩን ወደ እኛ ስናመጣው እንዲህ ነው። ቱርቦ የተሳሳውን አየር መልሶ ያወፍረዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ሲገባ አየሩ ዴንቨር ይሁን ሂውስተን ልዩነቱ እምብዛም ነው። ጉልበቱ ከተመለሰ ግፊቱም ሙቀቱም ተመልሷል። ስለዚህ ቱርቦ ያለው ሰው ከከፍታው አንድ ቁጥር እንኳ ልቀንስ ማለት የለበትም። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች፣ የሆንዳ 1.5 ሊትር፣ የፎርድ ኢኮቡስት፣ ቱርቦ ናቸው። አንዳንዱ ሰው መኪናው ቱርቦ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ሲገዛ አልተነገረውም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ብታዩት ደስ ይለኛል።

85 ስትቀዱ ምን ይሆናል? በአብዛኛው ምንም የምታዩት ነገር አይኖርም። ቼክ ኢንጂን አይበራም። ሴንሰሩ ማንኳኳቱን ይሰማል፣ ኮምፒውተሩ እሳቱን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፣ ማንኳኳቱ ይቆማል። ሞተሩ ራሱን አዳነ። ግን እሳቱ ሲዘገይ ከዚያው ቤንዚን የሚገኘው ጉልበት ያንሳል፣ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ዳገት ላይ ነዳጅ አብዝታችሁ ትረግጣላችሁ። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር የማይገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አልክድም። ተሳፋሪ ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ ከኤርፖርት ወደ ብሬከንሪጅ ወይም ወደ ቬይል ለሚወጣ ሰው ግን ከሳንቲሙ የተወሰነው በዚህ በኩል ተመልሶ ይሄዳል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ዘመድ ጥየቃ ከዚህ በአይ-70 ወደ ካንሳስ ሲቲ የምትሄዱ አላችሁ። ታንኩን 85 ሞልታችሁ ትነሳላችሁ። መንገዱ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ቀኑን ሙሉ እየወረዳችሁ ነው። ካንሳስ ሲቲ ከ300 ሜትር በታች ናት። የዛሬ ሃይብሪድ አንዴ ከቀዳ አብዛኛውን መንገድ ይጨርሳል። በሐምሌ ሙቀት፣ ሻንጣ ተጭኖ፣ ወፍራም አየር ውስጥ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው የተራራ ቤንዚን ነው። በየትኛውም ስሌት ያ ነዳጅ ለዚያ ቦታ አይበቃም። ወደ ቴክሳስም ወደ ካሊፎርኒያም ያው ነው። ረጅም መንገድ ሊሄድ ያሰበ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ምንም ይቅዳ፣ የዚያን ቀን 87 ይቅዳ።

ዋስትናም አለ። መኪናው ዋራንቲ ላይ ከሆነና ሞተሩ ከተጎዳ፣ መጽሐፉ ካዘዘው በታች ሲቀዳ እንደኖረ ከታወቀ ክርክሩ ይከብዳል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር በዚህ ምክንያት ለክርክር ማቅረብ አይገባም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ 91 አለ። «ለመኪናዬ ጥሩውን ላብላው» የሚል ሰው አለ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን በ87 የማያንኳኳ ሞተር 91 ሲቀዳለት የሚያገኘው ነገር የለም። የበለጠ አያጸዳም፣ የበለጠ አያስኬድም። ንጽሕናው የሚመጣው ማጽጃ ኬሚካሉ ላይ ነው። ቶፕ ቲር የሚል ምልክት የለጠፉ ማደያዎች በርካሹም በውዱም ውስጥ በቂ ማጽጃ ይጨምራሉ። እኔ ብሆን ያቺን ትርፍ ገንዘብ ዘይት በጊዜው በመቀየር አውላታለሁ።

መጽሐፉ ራሱ 91 ካለ አነጋገሩን ተመልከቱ። «ሪኳየርድ» ካለ የግድ ነው፤ ድርድር የለውም። «ሪኮሜንድድ» ካለ በ87 ይሄዳል፣ ግን የተጻፈለትን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ግን 85 ከቶ አታስቡ።

አንድ አደገኛ መምታታት ላንሳ። 85 እና ኢ85 ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢ85 አብዛኛው ኢታኖል ነው። ኦክቴኑ እንዲያውም በጣም ከፍተኛ ነው። ግን ፍሌክስ ፊውል ተብሎ ለተሠራ መኪና ብቻ ነው። ርካሽ ሆኖ ስላያችሁት ብቻ አትቅዱት። አንዳንድ ቦታ 88 የሚል ታያላችሁ፣ እሱ 15 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ለተሠራ ተራ መኪና ተፈቅዷል፤ ያም ሆኖ መጽሐፉን እዩ።

አገር ቤት ያለውን ወንድሜን ምን ልበለው የምትሉ አላችሁ። እዚያ ማደያው ላይ ምርጫ የለም። ቤንዚን አንድ ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው ማደያ ሳይሆን መኪናው ሲገዛ ነው። የጃፓን ቪትዝና ያሪስ የሚበዙት በዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጃፓን ሬጉላር በደንቡ በሪሰርች ከ89 የማያንስ በመሆኑ ሞተሮቹ ለመካከለኛ ነዳጅ የተሠሩ ናቸው። ፕሪሚየም የግድ የሚል ቱርቦ መኪና ግን እዚያ ነዳጁን የት ያገኛል? ለዘመድ መኪና የምትመክሩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን በሀይላንድ እየተሞላ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ቤንዚን እንዲርቅ ንገሩት። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። የነጭ ጋዝ ኦክቴን በጣም ዝቅተኛ ነው። ጥቂት ሲገባ እንኳ ድብልቁን ያወርደዋል። እንዲህ ያለውን ነዳጅ የአዲስ አበባ ከፍታም አያድነውም። አዳማ ወርዶ፣ አዋሽ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ዋና ዋናዎቹን ላስገባ።

አንዲት እህታችን «ሳላውቅ 85 ሞልቼ ቢሆንስ?» አለች። አትደንግጪ። ታንኩን ማስፈሰስ አያስፈልግም። ዳገት ላይ አትጫኚው፣ ከባድ ዕቃ አትጎትቺበት። ግማሽ ሲደርስ 91 ሙይበት። ግማሽ 85 እና ግማሽ 91 ሲገናኙ 88 ገደማ ይሆናል። ችግሩ እዚያው አለቀ።

አንድ አባት የ1979 ፒክአፕ እንዳላቸው ነገሩን፣ ካርቡሬተሩ ራሱ የፋብሪካው ነው። እንግዲህ ለእርስዎ ነው 85 የተሠራው፣ አባቴ። ኮሎራዶ ውስጥ እስከነዱት ድረስ፣ ሞተሩም እስካላንኳኳ ድረስ፣ ይቅዱ። ወደ ታች አገር ሲወርዱ ግን ይቀይሩ።

«መጽሐፉ ጠፍቷል፣ መኪናውን ያገለገለ ነው የገዛሁት» ያለም ነበር። መጀመሪያ የነዳጅ መክደኛውን በር ከፍተህ ከውስጥ በኩል እይ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ተለጥፏል። ከሌለ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የመኪናውን ዓመትና ሞዴል አስገብተህ መጽሐፉን በነጻ ታወርዳለህ። «ፊውል» የሚለውን ክፍል ፈልግ። አንብበህ ካልገባህ ስልኬ ላይ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።